ማህተሙ ይታያል፣ ጽሑፉ አይነበብም

ጓደኛዬ ዐይነ ስውር ነው። ሕግ ተምሯል፣ ሥራ ይፈልጋል። ባለፈው ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ስልኩን ጆሮው ሥር ይዞ በጣቱ ስክሪኑን ይዳስሳል። ቶክባክ የሚባለው የአንድሮይድ አንባቢ ጣቱ የነካውን ሁሉ ይነግረዋል። ፍጥነቱን ከፍ አድርጎታል። እኔ አንድም ቃል አይያዝልኝም፣ እሱ ግን ቡናውን ፉት እያለ ይሰማል።

«የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል አሉኝ» ብሎ ገጹን ከፈተ። ስልኩ የመሥሪያ ቤቱን ስም አነበበ። ቀጥሎ «ዝርዝሩን ከታች ካለው ምስል ይመልከቱ» አለ። ጣቱን ወደ ታች አወረደ። ስልኩ «አይኤምጂ፣ አንደርስኮር፣ ቱ፣ ዚሮ፣ ቱ…» እያለ የፋይሉን ስም መቁጠር ጀመረ።

«ወላሂ ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለና ሳቀ። «ደመወዙ ስንት እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ተቀብዬ አነበብኩለት። ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት በስልክ ፎቶ የተነሳ ነው። ትንሽ ዘንበል ብሏል። ጥጉ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል። ምዝገባው የሚያበቃው የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ቡናውን ሳንጨርስ ባጃጅ ይዘን በረርን።

እኔ ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ። ከሦስት ልጆች ጋር እሠራለሁ። ያን ቀን ያፈርኩት በዚያ መሥሪያ ቤት ብቻ አልነበረም። ማታ ቢሮ ገብቼ እኛ ለደንበኛ የሠራነውን «ማስታወቂያ ጨምር» የሚለውን ቅጽ ከፈትኩ። ምስል መጫን ግዴታ ነው፣ ያለሱ አያሳልፍም። ጽሑፍ ማስገቢያው ጎን ግን «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ለቡድናችን የተደራሽነት መመሪያ እናውጣ ያልኩት። ተደራሽነት ስል ትልቅ ነገር አይደለም። የማያይ፣ የማይሰማ፣ እጁ የማይታዘዝለት ወይም ዐይኑ የደከመ ሰው ገጹን ከፍቶ እንደማንኛውም ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ይውጣ ነው። መመሪያውን አንዴ ጻፍነው፣ ከሸፈ። እንደገና ጻፍነው። አሁን ያለው ይሠራል፣ እሱም በከፊል። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ስለተማርኩት ነው።

መጀመሪያ ግን የፎቶው ነገር። ሰው ለምን ማስታወቂያ በፎቶ ይለጥፋል? ስንፍና ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ማህተም የሌለበት ወረቀት ወረቀት አይደለም። ክቧ ማህተም ካልታየች «ማን ጻፈው?» ይባላል። የሐሰት ማስታወቂያ በቴሌግራም በሚዞርበት ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ስለዚህ «ፎቶ አትለጥፉ» የሚል መመሪያ ደሴ ላይ ብትጽፍ የሚሰማህ የለም። እኔም አልሰማህም። የሚያስኬደው «ፎቶውን ለጥፉ፣ ጽሑፉንም ከሥሩ አስገቡ» ማለት ነው።

የሚያስቀው ጽሑፉ መጀመሪያም መኖሩ ነው። ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ጽፋዋለች። ከዚያ ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማህተም ተመታበት፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተጫነ። ቃላቱ ከኮምፒውተር ወጥተው፣ ቢሮ ለቢሮ ዞረው፣ ምስል ሆነው ኮምፒውተር ውስጥ ተመለሱ። ከዋናው ፋይል ኮፒ አድርጎ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፣ ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ጸሐፊዎች አሁንም በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት ይጽፋሉ። የድሮዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደሎችና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል። ድረ ገጽ ላይ ስትለጥፈው ግን የምልክት ክምር ይሆናል። ጸሐፊዋ አንዴ ሞክራ ይህን ካየች በኋላ «ፎቶ ይሻላል» ብትል አልፈርድባትም። መድኃኒቱ ሄዶ ኮምፒውተሯን በዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ በሚያውቀው የፊደል አመዘጋገብ፣ እንዲጽፍ ማስተካከል ነው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እኛ አሁን ገጽ ስናስረክብ ይህን ሳናደርግ አንወጣም።

ጥቅሙ ለዐይነ ስውር ብቻ እንዳይመስልህ። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ በቀላሉ 3 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ግን 10 ኪሎባይት አይሞላም። ኮኔክሽን ሲንቀራፈፍ ወይም ጥቅል ሊያልቅ ሲል ፎቶው እየተሽከረከረ ይቀራል፣ ጽሑፉ ግን ይከፈታል። ለመፈለግም ይመቻል። ቃል ነውና ጉግል ያገኘዋል።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ ዳገት ናት። ጦሳ ሥር ተጠግታ፣ ከሆጤ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ስትሄድ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። ክራንች ለያዘ ወይም በዊልቸር ለሚሄድ ሰው አንድ ቢሮ ደርሶ መመለስ የቀን ሥራ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ተጎድቶ የቀረ ሰው እዚህም ኮምቦልቻም አለ። ለዚህ ሰው ድረ ገጹ የከተማዋ ብቸኛ ሜዳ መንገድ ሊሆንለት ይችላል። እዚያም ላይ ደረጃ ሠርተን ከጠበቅነው ግን ምኑን ረዳነው?

የዓለሙ መስፈርት የለም ወይ ካልክ፣ አለ። የድረ ገጾችን ቴክኒክ ደንብ የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ የተባለው ድርጅት የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ አለው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። የግዕዝ ፊደልም ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል፣ ሁለቱ ግን እስካሁን በደንብ አልተዋወቁም። ሁለተኛው በ2008 መጣ። 2.1 የሚባለው በ2018፣ 2.2 ደግሞ በጥቅምት 2023 ወጣ። በዚህ በመጨረሻው ውስጥ 86 መለኪያዎች አሉ፤ ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ ተብለው በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል። ብዙ አገር በሕግ የሚጠይቀው ደብል ኤን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ውጤቱ ምን ይመስላል? በአሜሪካ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው ዌብኤይም የተባለ የተደራሽነት ተቋም በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ታዋቂ ድረ ገጾችን መግቢያ ገጽ በማሽን ይመረምራል። በ2025ቱ ምርመራ 94.8 በመቶው ላይ ስህተት ተገኝቷል። ገንዘብም ባለሙያም ያላቸው ገጾች ናቸው። ስህተቶቹ ደግሞ የሚራቀቁ አይደሉም። ከተገኙት ውስጥ 96 በመቶው ከስድስት ዓይነት አያልፍም፤ የፈዘዘ ጽሑፍ፣ መግለጫ የሌለው ምስል፣ ስም የሌለው የቅጽ ሳጥን፣ ባዶ ሊንክ፣ ባዶ በተን፣ ቋንቋው ያልተገለጸ ገጽ። በቃ። በየዓመቱ እነዚሁ ናቸው።

ይህን ሳይ የገባኝ፣ የቸገረው መስፈርት አለመኖሩ እንዳልሆነ ነው። መስፈርቱ ሕግ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ «ዛሬ ይድረስልኝ» ሲል ሕግ የሚያነብ የለም።

የእኛም የመጀመሪያ መመሪያ የከሸፈው በዚህ ነው። ደንቡን ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩት። ሠላሳ ምናምን ገጽ ሆነ። አሳትሜ ለሦስቱም ሰጠሁ። አመሰገኑኝ። ከወር በኋላ አንዱን ቅጂ ራውተሩን ከፍ ለማድረግ ከሥሩ ተነጥፎ አገኘሁት። ልጁን ለመቆጣት አፌን ከፍቼ እኔም ካሳተምኩት ወዲህ ገልጬው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛውን በርዕስ ሳይሆን በእጅ ከፈልነው። የሚጽፍ እጅ፣ ዲዛይን የሚያወጣ እጅ፣ ኮድ የሚጽፍ እጅ፣ ገጹን ተረክቦ በየቀኑ የሚለጥፍ እጅ። እያንዳንዱ እጅ ግማሽ ገጽ አለው። ሁሉም ሁለት ወረቀት ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዝ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲዛይነሮች እ.ኤ.አ. በ2016 «ይህን አድርግ፣ ይህን አታድርግ» የሚሉ ፖስተሮች አውጥተው ነበር፣ በብዙ ቋንቋ ተተርጉመዋል። እነሱ በአካል ጉዳት ዓይነት ከፈሉት፣ እኛ በሠራተኛ። ለትንሽ ቡድን የእኛው ይሻላል ባይ ነኝ። «ይሄ የኔ አይደለም» የሚባል ነገር አይኖርማ።

ከሁሉም የተጨቃጨቅነው በቀለም ነው። ዲዛይነራችን ፈዛዛ ግራጫ ይወዳል። «ንጹህ ነው፣ ይተነፍሳል» ይላል። መስፈርቱ ግን ተራ ጽሑፍ ከበስተጀርባው ጋር በብርሃን ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለያይ ይላል፤ ትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ይበቃዋል። ኮዱ 999999 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 2.85 ለ1 ነው፣ ይወድቃል። 767676 ደግሞ 4.54 ስለሆነ ለጥቂት ያልፋል። ቁጥሩን አሳየሁት። «ለኔ ይታየኛል» አለኝ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፣ ምን አይታየው!

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ሥራ ልናስረክብ አብረን ወረድን። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ሌላ አየር ነው። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሰህ ተነስተህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ታወልቃለህ። ደንበኛችን የህንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፣ ጎልማሳ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ፣ ቀትር ላይ ቆመን አዲሱን ገጽ በስልካቸው ከፈትንላቸው። ሰውየው ስልኩን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ከዚያ የጃኬታቸውን ክፈፍ እንደ ጃንጥላ ዘርግተው አንገታቸውን ከሥሩ አስገቡ። «ስልክ ቁጥሬን የት አደረጋችሁት?» አሉ። ቁጥሩ ፊት ለፊታቸው ነበር፣ በዚያው በሚተነፍሰው ግራጫ። ልጁ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቆየ። ስንመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ሳንደርስ ላፕቶፑን አውጥቶ ቀለሙን ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮንትራስት አልተከራከርንም።

ስለ ፊደላችን ደግሞ የውጭው መመሪያ የማይነግርህ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቅጥያዎቹ ትንንሽ ናቸው። ጨ፣ ጪ እና ጬ በ12 ፒክስል (የስክሪን መለኪያ ነው) ሲጻፉ ዐይኑ ደህና የሆነውንም ሰው ያሳስታሉ። መስፈርቱ የፊደል መጠን አይወስንም። ጽሑፉ እስከ 200 በመቶ ሲጎላ ገጹ እንዳይበላሽ ብቻ ነው የሚለው። እኛ ለአማርኛ ከ18 ፒክስል አንወርድም፣ በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ እናደርጋለን። ይህ የራሳችን ውሳኔ ነው። ለእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ የተገዛ ቴምፕሌት (የገጽ ንድፍ) ላይ አማርኛ ስታፈስበት ፊደሉ ከላይና ከታች እየተነካካ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ይጨናነቃል። መስመሩን ማላቀቅ የአንድ ቁጥር ሥራ ነው።

አርእስትም እንዲሁ ነው። እኛ ካፒታል ሌተር የለንም። ስለዚህ አርእስት ለማሳየት ጽሑፉን እናደምቃለን ወይም ከሥሩ እናሰምራለን። ለዐይን ይበቃል። ለአንባቢው ፕሮግራም ግን የደመቀው ጽሑፍ ያው ተራ ጽሑፍ ነው። ዐይነ ስውር ሰው ረጅም ገጽ ሲያነብ ከአርእስት ወደ አርእስት እየዘለለ ነው የሚፈልገውን የሚያገኘው። አርእስቱ አርእስት ተብሎ ካልተመዘገበ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሁሉንም መስማት አለበት። ጓደኛዬ ይህን «ለአንድ ስም ብሎ ሙሉውን ዕድር መዝገብ ማስነበብ» ይለዋል።

ኮድ የሚጽፈው እጅ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር የገጹን ቋንቋ አማርኛ በል የሚል ነው። ሁለት ፊደል የምትጻፍበት አንዲት ቦታ ናት። የተገዙ ቴምፕሌቶች «እኔ እንግሊዝኛ ነኝ» ብለው ይመጣሉ፣ ማንም አይነካቸውም። አንባቢው ፕሮግራም ደግሞ የተባለውን ያምናል። በእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛውን ሊያነብ ይነሳና ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ትርጉም የለሽ ነገር ይለፈልፋል። አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ጠፍቶ አይደለም። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፣ ኤጅ ብሮውዘር ላይ ጮክ ብለህ አንብብ ስትለው ይሰማሉ። ለኮምፒውተር ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ አንባቢ አለ። ማይክል ከረን የተባለ ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነው። ከሱ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የንባብ ድምፅ አማርኛ ይሞክራል። ድምፁ ቆርቆሮ ነው፣ ግን ይገባል።

ቀጥሎ የቅጽ ሳጥኖች። ሳጥኑ ውስጥ በፈዛዛው «ስልክ ቁጥር» ብለህ ጽፈህ ከላይ ምንም ስም ካልሰጠኸው፣ ሰው መጻፍ ሲጀምር ጽሑፉ ይጠፋል። የሚያይም ሰው «ይሄ ምን ነበር?» ይላል። የማያየው አንዳንዴ መጀመሪያም አልሰማውም። በተንም እንደዚያው። የደብዳቤ ምስል ብቻ ያለበት በተን ለጓደኛዬ ስልክ «በተን» ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አንድ የእኛ ገጽ ላይ «በተን፣ በተን፣ በተን፣ በተን» ብሎ አንብቦለት፣ «የሸሚዝ ሱቅ ነው እንዴ?» ብሎኛል።

ቅጽ ላይ ግን ከዐይን ጉዳት ያለፈ የራሳችን ጣጣ አለ። ከውጭ የመጣ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የልደት ቀን መምረጫው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜን የተወለደ ሰው ምን ይምረጥ? አንድ ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቅጽ ልሞላላቸው ቁጭ ብለን «አባባ፣ የተወለዱበትን ዓመት ይንገሩኝ» ስላቸው፣ «በየትኛው አቆጣጠር ነው የሚለው?» አሉኝ። ቅጹ አይልም። እኔም አላወቅኩም። አሁን ከሳጥኑ ጎን ሁልጊዜ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በፈረንጅ አቆጣጠር» ብለን እንጽፋለን። ሰዓትም ላይ 2፡00 ብቻ አንልም። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ቀጠሮ ያድናል።

መፈለጊያ ሳጥኑም አለ። ሠራተኛ እና ሰራተኛ፣ ዓለም እና አለም፣ ፀሐይ እና ጸሀይ። ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት። ሰው «ሰራተኛ» ብሎ ፈልጎ ገጹ ላይ «ሠራተኛ» ከተባለ «ምንም አልተገኘም» ይለዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ኮድ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ፊደል በደንብ ያልተማረን ሰው፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው፣ እኔንም ጭምር ይጠቅማል።

የሚለጥፈው እጅ ወረቀት አጭር ነው። ፎቶ ከሆነ ጽሑፉን ከሥሩ። ሊንክ ከሆነ «እዚህ ይጫኑ» አትበል፣ «የመመዝገቢያ ቅጹን አውርድ» በል፤ አንባቢው ሊንኮቹን ብቻ ለይቶ ሲዘረዝር አሥር «እዚህ ይጫኑ» መስማት ምንም አይነግርም። ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ መ/ቤት የሚሉትን በሙሉ ጻፍ፤ ብዙ ጊዜ «ጽ ስላሽ ቤት» ተብለው ይነበባሉ። የምስል መግለጫ ስትጽፍ ለማያይ ሰው በስልክ እንደምታወራ አድርገህ ጻፍ። «ምስል 1» መግለጫ አይደለም። «ሰልጣኞች ሰርተፍኬት ሲቀበሉ» ይሻላል። ቪዲዮ ከሆነ የሚነገረው ከሥር ይጻፍ። በዚህኛው ገና ደካሞች ነን። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የገባበት አንድም ቪዲዮ አልሠራንም።

ፍተሻውን በሦስት እርከን እናደርጋለን። አንደኛው ማውዙን ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። በኪቦርድ ብቻ፣ ታብ እየተጫንክ ቅጹን ሞልተህ ላክ። መጀመሪያ ስንሞክር የት እንዳለን ማወቅ አልቻልንም። የተመረጠውን ቦታ የሚከበው መስመር ጠፍቷል። ማን አጠፋው? ዲዛይነሩ፣ «አያምርም» ብሎ። በጨለማ ክፍል ውስጥ መብራቱን ያጠፋኸው አምፖሉ ስላላማረህ ነው እንደማለት። መልሰን አበራነው። ሁለተኛው ቶክባክን ከፍቶ፣ ስክሪኑን እንዳናይ ስልኩን ገልብጦ መሥራት ነው። የሚነኩ ነገሮች በጣም ትንሽ ከሆኑ እዚህ ላይ ይጋለጣሉ፤ መስፈርቱ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይላል፣ እኛ ወደ 44 እናስጠጋዋለን።

ሦስተኛው ሰው ነው። ጓደኛዬን እንጠራዋለን፣ እንከፍለዋለን። ክፍያውን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። አካል ጉዳተኛን ጠርቶ ሁለት ሰዓት አስፈትኖ በሻይ መሸኘት የተለመደ ነው። እሱ የሚያደርገው ምርመራ ነው፣ መርማሪ ደግሞ ይከፈለዋል። የማሽን መመርመሪያዎችም አሉ፣ ነፃም ናቸው፣ እንጠቀምባቸዋለን። ነገር ግን ማሽን ምስሉ መግለጫ እንዳለው እንጂ መግለጫው እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም።

«አንድ መስመር ኮድ ጨምር፣ ገጽህ ተደራሽ ይሆናል» የሚሉ ሻጮችም አሉ። ጥግ ላይ የሰው ምልክት ያለባት ክብ በተን ያመጣሉ። ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከእነዚህ አንዱን፣ አክሰሲቢን፣ ምርቱ ማንኛውንም ድረ ገጽ ከመስፈርቱ ጋር ያስማማል ብሎ አሳስቷል በሚል 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል።

የቀረው ደንበኛው ነው፣ ከባዱም እሱ ነው። «እኔ ዐይነ ስውር ደንበኛ የለኝም» ይልሃል። እውነቱን ነው፣ የለውም። በሩ ተዘግቶ እንዴት ይግባ? አንዱን፣ ወሎዬነቱ የሚያኮራውን፣ በአይጠየፍ ልረታው ሞከርኩ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ድሃ ሀብታም ሳይለይ ሁሉ ይገባበታልና አይጠየፍ ተባለ ይባላል። «የዚህ ከተማ ሰው ሆነህ…» ብዬ ስጀምር፣ «ንጉሡ ግብር ሲያበሉ ፎርም አላስሞሉም» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ስለዚህ በስብከት ተስፋ ቆርጫለሁ። ውል ይሻላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ከመንገድና ከሕንፃ ጋር መረጃንና ኢንተርኔትንም ይጠቅሳል። ለሕንፃው የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሏል። አዋጁ ከወጣ በኋላ የተሠሩ ሕንፃዎች ላይ ራምፕ ታያለህ። አንዳንዱ ፍየል የማትወጣው ነው፣ ግን አለ፤ ሰው አይቶ ይጠይቃል። ድረ ገጽ ሲታዘዝ ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ራምፕ አንዲት መስመር የለችም። የከተማ አስተዳደርም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ገጽ ሲያሠራ «በኪቦርድ ብቻ ይሠራ፣ ቋንቋው አማርኛ ተብሎ ይመዝገብ፣ ማስታወቂያ በጽሑፍም ይጫን፣ ርክክቡ ላይ ዐይነ ስውር ተጠቃሚ ይፈትሸው» የሚሉ አራት መስመሮች ቢያስገባ፣ ከአሥር ወርክሾፕ ይልቅ ይሠራል። ሻይና ውሎ አበልም አይጠይቅም።

ለወጣቶቹ ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፍኬት የያዙ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ ከዚሁ ሆነው ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ልጆች አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ኦንላይን የሚሸጥ የአውሮፓ ሱቅ ገጹ ተደራሽ ካልሆነ ይጠየቃል። እሱ ሲጠየቅ ሠሪውን ይጠይቃል። ታብ ተጭኖ የማያውቅ ልጅ ያን ሥራ አያገኝም።

ባለፈው ሳምንት ለሥልጠና መመዝገቢያ የሠራነውን ቅጽ ጓደኛዬ ሊፈትሽ መጣ። ስሙን ጻፈ፣ የአባቱን፣ የአያቱን። ልደቱን በእኛ አቆጣጠር መረጠ። ስልኩ እያንዳንዱን ሳጥን በስሙ ጠራለት። እኛ አራታችን ከጀርባው ቆመን ፈገግ ብለናል። «መዝግብ» የሚለውን ተጫነ። ስልኩ ዝም አለ። ትንሽ ጠበቀ። እንደገና ተጫነ። ዝም። «ኮኔክሽን የለም እንዴ?» ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነ።

ስክሪኑ አናት ላይ በአረንጓዴ «በትክክል ተመዝግበዋል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ነበር። እኛ አየነው። ለአንባቢው ፕሮግራም ግን መልእክት መጣ ብሎ የነገረው የለም። መስፈርቱ ላይ ለዚህ ራሱን የቻለ መለኪያ አለ፣ ቁጥሩ 4.1.3 ነው። ሁለቱ ወረቀታችን ላይ አልነበረም።

መዝገቡን ስንከፍት ስሙ ሦስት ቦታ ተቀምጧል። ነገርነው።

«እንግዲያው ሦስት ወንበር ያዙልኝ» አለ። «ምሳም ካለ ለሦስት ሰው።»

ዲዛይነሩ እስክሪብቶ አንስቶ ግድግዳው ላይ ባለው ወረቀት ጠርዝ፣ ኮድ ከሚጽፈው እጅ ሥር፣ አንድ መስመር ጨመረ።